ፕሮሰስ ላይ ያለች ጆሮ

ምኞት ከአምቦ ገበያ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ የጎረቤቷን የጋሽ ደግፌን የልጅ ልጅ፣ ሰሎሜን፣ አስፋልቱ ዳር አየቻት። የትምህርት ሰዓት ነበር። አንድ ባጃጅ ከኋላ መጣ፤ ሹፌሩ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸባት፤ ልጅቷ ግን ዞር አላለችም። ምኞት ሽንኩርቷን ጥላ የልጅቷን ክንድ ይዛ ጎተተቻት።

ጋሽ ደግፌ ከሱቃቸው ደጃፍ ሁሉንም አይተዋል። መጥተው ያመሰገኑ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሎሜን ኮረኮሟት።

«ካናዳን ሳትረግጥ ኩራቱ ቀደማት። በጠራኋት ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ነው» አሉ።

ምኞት ልጅቷ ለምን ትምህርት እንደቀረች ጠየቀች። ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ነገሯት፤ እናቷ ሸዋገነት ከካናዳ ፕሮሰስ ጀምራላታለች፤ ዛሬ ነገ ለምትሄድ ልጅ ደብተር መግዛት ከንቱ ነው። ጆሮዋም መግል ይፈሰዋል፤ እሱንም ደህና ሐኪም ባለበት አገር ትታከመዋለች።

የምኞት ደም ፈላ። ይሄ ፕሮሰስ የሚሉት ነገር ስንቱን በቁሙ አስቀምጦታል! ጊንጪ ያለው የአክስቷ ልጅ እንኳ የታመመ ጥርሱን አውሮፓ ሄጄ አስነቅላለሁ ብሎ ይኸው ጉንጩን እንደደገፈ አለ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ መግሉ ቪዛ እስኪመጣ ይጠብቃል?»

«ምላስሽ ከዕድሜሽ ረዘመ።»

እሳቸውም በልጅነታቸው ጆሯቸው ፈሶ በራሱ እንደደረቀ፣ የዚህ አገር ትምህርት ደግሞ እዚያ እንደማይቆጠር አስረዷት። ምኞት ወደ ኋላ አላለችም። እዚያ ልጅን ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚያስገቡት፤ እኩዮቿ ክፍልፋይ ሲሠሩ ሰሎሜ በጣቷ ልትቆጥር ነው ወይ አለች። ከዚያ ከልጅቷ ጀርባ ቆመችና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰሎሜ፣ ከረሜላ ልስጥሽ?» አለቻት።

ሰሎሜ ዝም። ምኞት ፊት ለፊቷ ዞራ ያንኑ ስትደግመው ግን ከንፈሯን አይታ እጇን ዘረጋች።

«ኩራት ከረሜላ እንቢ ይላል፣ ጋሼ? የሰው አገር ቋንቋ የሚገባው በጆሮ ነው። በምኗ ልትማረው ነው?»

ሽማግሌው ልጅቷን ትኩር ብለው አዩአት። «ስንት ጊዜ ኮረኮምኳት» አሉ፣ ለራሳቸው።

ሱቁን ዘግተው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ መዘግየታቸውን ነግራ ተቆጣቻቸው፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ካደረጉላት ግን ጆሮዋ እንደሚተርፍ አስረዳቻቸው። በማግስቱ ርእሰ መምህሩን ኦቦ ኤጄታን ለምነው ክፍል አስገቧት። ካናዳ ከሄደች ጤነኛ ሆና፣ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ካልሄደችም አምቦ ላይ የምትሰማና የምታነብ ልጅ አለች። በየትኛውም በኩል ኪሳራ የለውም።

ማታ ሸዋገነት ደውላ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ቪዛው በትምህርት መሀል ቢመጣስ ምን ልታደርጉ ነው አለች።

«ከክፍሏ ጠርተን እናወጣታለና» አሉ ጋሽ ደግፌ።