በጉና ረቂቁ መመሪያ

የፋሲካ ሰሞን ኡራኤል ጋ ታክሲ አጥቼ ስቁነጠነጥ፣ የጎተራ ሰፈር ጎረቤቴ አቶ አስገዶም መኪናቸውን አቁመው «መምህር፣ ወደ ካዛንቺስ ከሆኑ ይግቡ» አሉኝ። ከኋላ የእህታቸው ልጅ ሩሐማ ተቀምጣለች፤ ከእሷ ጀርባ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በግ ይጮኻል።

አቶ አስገዶም በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት አላቸው። በዚያ ጠዋት ካዛንቺስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አደጋ አብዝተዋል ብሎ ሞተሮችን ከመሀል ከተማ በሚያግድ ረቂቅ መመሪያ ላይ ውይይት ጠርቷል። ረቂቁ ከጸደቀ ድርጅታቸው ተዘጋ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ በጉ ለማን ነው?» አለች ሩሐማ።

«ለዳይሬክተሩ ነዋ! እንደ ሁልጊዜው። ሰው ከሌለሽ ማን ይሰማሻል?»

«ማለቴ፣ እኔን ታዲያ የሕዝብ ግንኙነት ብለው ለምን ቀጠሩኝ?»

«ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንድትለጥፊ!»

እኔ ሳቅሁ፤ እነሱ ግን አልሳቁም። መኪናው ንቅንቅ አይልም፣ ከኋላችን ክላክስ ይጮኻል፣ ሰዓቱ ይሮጣል።

«የእኔ ሥራ እኮ ረቂቁን ማንበብ፣ ደንበኞችን ማነጋገር፣ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ሐሳባችንን በአደባባይ ማስረዳት ነው። ብር መውጣት ያለበት ለዚህ ነው፣ ጋሼ። ግን አደጋ ማድረሳችንንም ማመን አለብን። ሞተረኞቹ የሚበሩት በጉዞ ብዛት ስለምንከፍላቸው ነው።»

«ገበናዬን አደባባይ ላውጣልሽ? በቃ፣ ተይኝ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም መመሪያውን ወደ ራሳቸው ሊስቡ ነው የሚሄዱት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በጉ በጓሮ በር ሲገባ ተው ባይ የለም፤ በአዳራሹ ግን የተጎዳውም ተቀምጦ ይሰማል፣ ይሞግታል።

ስልካቸው ጠራ። አቶ አስገዶም አዳመጡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ዳይሬክተሩ ትናንት ተዛውሯል» አሉ። «ስንት ዓመት የተወዳጀሁት ሰው! አሁን ማን ጋ ልሂድ?»

«ሰው ከወንበሩ ይነሣል» አለች ሩሐማ ቀስ ብላ። «በአዳራሹ የምንናገረው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል።»

እኔም ነገሩ አጓጉቶኝ ተከተልኳቸው። አዳራሹ ስንደርስ ልጃቸው በሞተር የተገጨባቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሚባሉ እናት እያለቀሱ ይናገሩ ነበር። «ይታገዱ!» አሉ። ሩሐማ ልትነሣ ስትል አቶ አስገዶም እጇን ይዘው ራሳቸው ተነሡ።

«እመቤቴ እውነታቸውን ነው» አሉ ወደ እናቲቱ እያመለከቱ። «ሞተረኞቼን ያስሮጥኳቸው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ የወር ደመወዝ እከፍላለሁ። ፍጥነታችንን ገድቡ፣ ጥፋት ስናጠፋ ቅጡን፤ እንጀራችንን ግን አትዝጉብን።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንባቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ካሉማ ቃላቸው ይጻፍልኝ» አሉ።

ተጻፈም። መመሪያው በኋላ ሲወጣ እገዳው ቀርቶ የፍጥነት ገደብ ሆኗል፤ ሞተረኛው እንጀራውን፣ እግረኛው ሰላሙን አገኘ። መሥሪያ ቤቱም የማንም ባለውለታ አልሆነም። ለንግግርና ለመረጃ የሚወጣ ገንዘብ እንዲህ ሲሆን ያምራል።

የዚያን ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ አዲሱ ዳይሬክተር መኪናችን አጠገብ ጨበጡን። የአቶ አስገዶም እጅ ከልማድ ወደ ዕቃ መጫኛው ሄደና ሳይደርስ ቆመ።

«ሩሐማ» አሉ፣ «በጉን ለሞተረኞቹ።»