ወደ ፏፏቴው የሚሄደው ወንበር

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «እትዬ ሚዛን» የሚባሉት
ዕድሜ፦ ሰባ አራት
ሥራ፦ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በታች፣ ዳገቱ ሥር፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ዛሬ ጠዋት ከቤታችን በድብቅ ሬሳ ወጥቷል በሚል በተያዘው ጉዳይ የማውቀውን እገልጻለሁ። በቅድሚያ፣ ሟች ናት የተባለችው ታላቅ እህቴ በዚህ ሰዓት በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከጥበቃው ጋር እያወራች ስለሆነ፣ መሞቷን የሚያመለክተው አነጋገር ከመዝገቡ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

እህቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው። አብረን እንኖራለን። ከአልጋዋ ራስጌ፣ ጫካ ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዓመቱ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ እንዲወርድ ግን አትፈቅድም። ባለፈው ወር የወንድማችን ልጅ፣ የአትክልት ጭነት መኪና የሚነዳው፣ ይኸው ፏፏቴ እርሱ ከሚሠራበት መስመር ገባ ብሎ እንደሚገኝ፣ መኪናው ከሚቆምበት በኋላ ግን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ እንዳለው ነገረን። እህቴ «ሥዕሉን ጠግቤዋለሁ፤ አሁን ድምፁን ልስማው» አለች። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። «በምን እግርሽ፣ እታለም?» ብዬ ጠየቅኳት። «በእናንተ» አለችኝ።

ስለዚህ ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን አናጢው፣ ከግራና ከቀኙ ረጅም እንጨት ያለው፣ ሁለት ሰው በትከሻ የሚሸከመው ወንበር ሠራልን። ተሸካሚዎቹ እርሱና የወንድማችን ልጅ እንዲሆኑ ተስማማን። ቀኑ የፊታችን ቅዳሜ ሆነ፤ መኪናው ከጭነት ነፃ የሚሆነው ያን ቀን ነው፤ ዝናብ ከገባ ደግሞ የጫካው መንገድ በጭቃ ይዘጋል። በሰማንያ ዓመት ለከርሞ ቀጠሮ አይያዝም።

ያልተሞከረ መድኃኒት ለሰው አይሰጥምና፣ ዛሬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወንበሩ ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ባለው ዳገት ላይ እንዲሞከር አደረግሁ። እህቴ «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ከረጢት ስታንጠለጥሉኝ ሰው ሊያይ ነው?» ብላ ግራጫ ብርድ ልብስ ከራስ እስከ እግሯ ተከናነበች። ወንበሩ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስለሚጋደም፣ የተሸፈነ ሰው በላዩ የተኛ እንጂ የተቀመጠ አይመስልም። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ በመስኮት ብቅ ብለው «ምንድን ነው የተሸከማችሁት?» አሉ። እህቴ ማንነቷን እንዳይናገሩ አስምላቸው ስለነበር፣ አናጢው «ዕቃ ነው፣ ጋሼ» ብሎ መለሰ። አናጢው የሬሳ ሣጥንም እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ዳቦ ቤቱ ሲደርሱ እህቴ ከባለቤቲቱ ጋር ሻይ ልጠጣ ብላ ቀረች። ወንበሩ ባዶውን፣ ብርድ ልብሱ በላዩ ተጣጥፎ ወረደ። ጡረተኛው ይህንንም አዩና ለፖሊስ ደወሉ። ፖሊሶች ቤታችን ሲመጡ እህቴ ዳቦ ቤት መሆኗን በግልጽ ተናግሬያለሁ። ሄደው ቢያዩ አልነበረችም፤ ለካ ባለቤቲቱ ለደንበኞቿ ዳቦ ልታደርስ ስትወጣ እህቴም አብራት መኪና ውስጥ ገብታ ከተማውን እየዞረች ነበር። ትኩስ ዳቦ ታቅፋ ስትመለስ ሁለቱ ተሸካሚዎች ተይዘው፣ ወንበሩም ተወስዶ ነበር። ጡረተኛውን አልተቀየምኳቸውም፤ ሰው ሲጠፋ የማይጠይቅ ጎረቤት ይብሳል።

መርማሪው ሁለቱ ሰዎች እንደሚለቀቁ፣ ወንበሩ ግን ለሰው ሕይወት የማያሰጋ መሆኑን ባለሙያ እስኪያረጋግጥ፣ ምናልባትም እስከሚመጣው ሳምንት፣ በኤግዚቢትነት እንደሚቆይ ገለጹልኝ። የሚመጣው ሳምንት ከቅዳሜ በኋላ መሆኑን አስረዳኋቸው። ቀጥዬም «ታዲያ እርስዎ ለምን አይቀመጡበትም? የእህቴን እጥፍ ይመዝናሉ» አልኳቸው።

ወንበሩ ግቢው መካከል ተቀመጠ። መርማሪው ተቀመጡበት። ሁለቱ ተሸካሚዎች አንስተዋቸው ግቢውን ዞሩ፤ የቢሮውን ደረጃም ወጥተው ወረዱ። አናጢው «ጌታዬ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ያው ክብደቱ አይቀንስም» ይላቸው ነበር። ወንበሩ አንድም ቦታ አልተነቃነቀም። የወንድማችን ልጅ ግን ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ ሳይ፣ የዕቅዴ ጉድለት ታየኝ፤ ለግማሽ ቀን መንገድ ሁለት ተሸካሚ አይበቃም፤ ተቀያሪ ያስፈልጋል። ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

እህቴ ከአግዳሚው ላይ ሆና «ልጄ፣ ቅዳሜ ተረኛ ነህ?» ብላ መርማሪውን ጠየቀቻቸው።

መርማሪው ወንበሩ እንዲመለስልን ፈረሙ። ቀጥለውም፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቁኝ። ገና ሳይነጋ እንደሆነና እንደማንጠብቅ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ ያየሁትንና ያደረግሁትን ብቻ የያዘ፣ ያልጨመርኩበትና ያልቀነስኩበት እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ ____________

ቃሉ ሲነበብ የተገኙ፦ የምስክሯ ታላቅ እህት፣ በሕይወት ያሉ። ፊርማ ____________