ሥራ አስኪያጃችንን ያባረረው ደብዳቤ

ቆዩ፣ ሳቄ ይውጣልኝ፤ ዋናው ገና ነው። የቡና ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ሚዛን ከተማ ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር ላይ ማክሮ የሚሉትን ነገር አሠሩ። አንዴ ካዘዙት የእያንዳንዱን አባል ስምና ያስረከበውን ቡና እያየ ደብዳቤ በራሱ ያትማል፤ የእሳቸውን ፊርማ እንኳ ከሥር ያስቀምጣል። እሳቸው ግን «ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዳችሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉን።

ግማሾቻችን ማንበብ ስለማንችል ደብዳቤው ስብሰባ ላይ ተነበበ። ጸሐፊዋ የጎረቤቴን አነሳች፦ «ወይዘሮ ታደለች፣ ቡናዎ ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ የበዛበት ስለሆነ ከማኅበሩ ተሰርዘዋል።» ታደለች ከዚያች ማሳዋ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። «እባክዎ፣ አንዴ እንደገና ይታይልኝ» ብትል፣ ሰውዬው ደረታቸውን ነፍተው «እኔ ከጻፍኩ በኋላ ወደ ኋላ የለም» አሏት።

ጸሐፊዋ ቀጣዩን አነሳችና አየት አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። «አንብቢው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ብለው ተቆጡ። አነበበችው። ለካ ሸዋ ቤንች ወረዳ ያለችው የራሳቸው ማሳም የአባላቱ መዝገብ ላይ ኖራለች፤ እሳቸውም አረንጓዴ አብዝተው ተሰርዘዋል፣ ከሥሩም የገዛ ፊርማቸው አለበት። እኔማ ከአግዳሚው ተንሸራትቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ኮምፒውተሩ ነው፣ እኔ አልጻፍኩም፤ ሁሉንም ደብዳቤ ቅደጂው፣ ማንም አልተሰረዘም» እያሉ ላባቸውን ጠረጉ።

ታደለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ረጋ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦ «አይዞዎት ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ቅርጫትዎን ይዘው ማሳዬ ብቅ ይበሉ፤ ቀዩ ከአረንጓዴው እንዴት እንደሚለይ አሳይዎታለሁ።»