የአያሌው ትንሿ ሽጉጥ

የጎረቤቴ የአያሌው ሽጉጥ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት፤ ቀላል ስለሆነች ስትተኮስ ሽቅብ ትፈናጠራለች። ብልባላ በምትባለው መንደር ሰርግ ላይ አያሌው ሲተኩስባት ተፈናጥራ ግንባሩን አለችው። "አንተ፣ ሽጉጥ ነው የያዝኸው ወይስ የምትራገጥ በቅሎ?" ብዬ አሳቅሁበት። ኋላ ግን አስተማርሁት፤ እጀታዋን ከላይ በሁለት እጅህ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ወደፊት ዘንበል በል አልሁት።

በቀደም የአያሌውን ልጅ ቀበርን። በእኛ አገር ለጎበዝ ሬሳ ይተኮሳልና አባትየው ራሱ ተኮሰ። እንዳስተማርሁት ይዟት ንቅንቅ አላለችም።

"ዛሬ ምነው አልመታችኝ?" አለኝ።

"በደንብ ይዘሃት ነዋ!"

"እንግዲያ ትምታኝ" አለና በአንድ እጁ ላላ አድርጎ ደገመ። ግንባሩ ደማ፤ አልጠረገውም።