ቦቲው እና የአቶ ገብረሕይወት ተዝካር

ሰው ሞቱን ሲፈራ ሐኪም ይጠይቃል፤ አቶ ገብረሕይወት ግን የበሬ ዋጋ ጠየቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987፣ በአትላንታ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ገንዘብ የሚቀበሉት እኚህ የስድሳ ዓመት ሰው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸው ጭልም፣ ደረታቸው ጭንቅ ይልባቸው ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ፤ ለራሳቸው ግን «በቃ፣ አለቀልኝ» ብለው ፈርደዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም የላቸውም። ስለዚህ ያጠራቀሙትን በፖስታ አሸጉና «በአርባዬ በሬ ታርዶ ሕዝብ ይብላ» ብለው ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ለአቶ ነጋሽ ሊያስረክቡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሡ። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ነበሩና ማን አደራ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ።

ኢስት ፖይንት ከሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ቀይ መብራት ያዛቸው። መስኮታቸው ተንኳኳ። ዞር ሲሉ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? አንድ ትልቅ ጥቁር የጎማ ቦቲ፣ ውስጡ ሳንቲም ሞልቶ፣ አፍንጫቸው ሥር! ቦቲውን የያዘችው ደግሞ የሟቹ ወዳጃቸው የሽፈራው ልጅ፣ የነርሲንግ ተማሪዋ ትዕግስት ናት።

«በስመ አብ! የሽፈራው ልጅ አደባባይ ወጥታ በጫማ ትለምን?»

«ጋሼ ገብረሕይወት! ኧረ ልመና አይደለም፣ ዶኔሽን ነው። ለእሳት አደጋ ጣቢያው ነው፤ ቦቲውም የእነሱው ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩንባው ቀለጠ። አቶ ገብረሕይወት ጥግ ይዘው ፓርክ አደረጉ። የወዳጅ ልጅ ስትዋረድ እያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም።

«በይ ንገሪኝ» አሉ ትዕግስት ወደ መስኮቱ ስትጠጋ፤ «ያ ሁሉ ቀይ መኪና ያለው ጣቢያ ባንቺ ጫማ ነው የሚኖረው?»

«ጋሼ፣ የልብ ምት የሚያሳየው መሣሪያቸው አርጅቷል። በትንሽ መስኮት ብልጭ ያደርግና ያልፋል። አዲሱ ግን በወረቀት ያትማል፤ ገና መንገድ ላይ እያሉ ለሆስፒታሉ ሐኪም በሬዲዮ ይልካል። ውድ ስለሆነ የሰፈሩ ሰው እያዋጣ ነው።»

«እሳት አደጋ እሳቱን ያጥፋ! ልብን ምን አገባው? ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ቤትዎ ቢቃጠል ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብለው ይቀመጣሉ?»

«ምን በወጣኝ! ቢሆንም ቤትና ልብ ለየቅል ናቸው።»

«አዎ፣ ለየቅል ናቸው። ቤት ቢቃጠል ሌላ ይሠራል።»

የተረታ ሽማግሌ እጅ አይሰጥም፤ ሌላ በር ይፈልጋል።

«ደግሞስ እኛ እድር አለን» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ከመካከላችን ማን ሳይቀበር ቀረ?»

ትዕግስት ቦቲውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ማንም አልቀረም ጋሼ። አባዬንም በወግ በማዕረግ ቀብራችሁልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ያን ቀን ደረቱን ይዞ ሲወድቅ እማዬ ለማን ደወለች? ለእርስዎ! ናይን ዋን ዋን ደውላ የእሳት አደጋውን አምቡላንስ አልጠራችም። የእድሩ ወረቀት ‹ችግር ሲደርስ መጀመሪያ ለዳኛው ደውሉ› ነዋ የሚለው።»

አቶ ገብረሕይወት ይህን መቼ ረሱት? ሽፈራውን በገዛ መኪናቸው ጭነው ሲከንፉ፣ ከኋላ ወንበር ትንፋሹ ጸጥ ሲል የሰሙት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልተናገሩትም።

«ገደልኩት እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

«ኖ! በፍጹም፣ ጋሼ። አላወቅንም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። አሁን አውቀን ዝም ካልን ግን ጥፋቱ የኛ ነው።»

ሰው ሲወቅሱት ይደነድናል፤ ይቅር ሲሉት ግን ይለሰልሳል። አቶ ገብረሕይወት ልጅቷን አገላብጠው ሊስሙ ከመኪናው ወረዱ፤ ቀና ከማለታቸው ዓለም ጨለመባቸው። የመኪናውን ጣራ ይዘው ቆሙ።

«ምንም አይደል… ብርድ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«ሦስት ሳምንት! እየነዱ? ቢወድቁስ? የሰው ልጅ ይዘው ቢሄዱስ?» ብላ ተቆጣቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ ጣቢያው ድረስ ወሰደቻቸው። ጣቢያው ከመስቀለኛው መንገድ ማዶ ነው፤ አዲሱም መሣሪያ ሰው እንዲያየው ለሁለት ቀን በውሰት መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

የጣቢያው አለቃ፣ ግዙፍና ሳቂታ ሰው፣ ሸሚዛቸውን እንዲከፍቱ በእጁ አሳያቸው።

«በልጅ ፊት ደረቴን?»

«ዞሬያለሁ ጋሼ!» አለች ትዕግስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ።

ፖስታውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በጃቸው ጨበጡ። የመሣሪያው ገመዶች ደረታቸው ላይ ተለጠፉ፤ ወረቀቱ እየተንሿሿ ወጣ። መስመሩ ዘለለ፣ ዘለለ፣ ከዚያ ረጅም ባዶ ሄደና እንደገና ዘለለ። አለቃው ሳቁን አቆመ። ለትዕግስት አንድ ነገር ነገራት።

«ምን አለ? አትደብቂኝ።»

«ልብዎ እየረሳ ነው ጋሼ። ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ መምታቱን ይረሳል። ግን የሚያስታውሰው አለ! ትንሽ ባትሪ ናት፤ ከቆዳ ሥር ትቀመጣለች። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል እንሂድ።»

የልባቸው ምት ቀድሟቸው በሬዲዮ ደርሶ ነበርና ሐኪሙ በር ላይ ጠበቃቸው። በማግስቱ ባትሪዋ ገባች። ሦስተኛው ቀን አቶ ገብረሕይወት ከአልጋቸው ቀስ ብለው ተነሥተው ቆሙ። ጨለማውን ጠበቁት። አልመጣም። ትንሽ ቆዩና አሁንም ጠበቁት፤ ቀረ። «እፎይ! ተመስገን ጌታዬ!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለካ ያ ሁሉ ቀን የተሸከሙት ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ነበር።

በወሩ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ገብረሕይወት ቆሙና «ወረቀታችን ይለወጥ» አሉ። «መጀመሪያ ናይን ዋን ዋን፣ ከዚያ ለዳኛው። በሽተኛ በግል መኪና አይጫን፤ በመንገድ ላይ ልቡ ቢቆም እኔ ምን አደርግለታለሁ? እንደኔ ደረቱን ጨንቆት ‹ብርድ ነው› የሚልም ካለ ዛሬውኑ ይመርመር። ለጣቢያውም መሣሪያ እናዋጣ፤ ሰዎቹ ሊረዱን ሲመጡ ‹የማን ዘር ነህ› ብለው አይጠይቁንም።»

ነገር የማያልፋቸው ወይዘሮ አበዛሽ ብድግ አሉ። «የለቅሶ ገንዘብ ለማሽን? ምን ዘመን መጣ!»

«የለቅሶውን አልነካም፣ እመቤቴ። ከኪሳችን እናዋጣለን፤ ከኔም ይጀመራል።» አቶ ገብረሕይወት ከጣቢያው ተውሰው ያመጡትን ያንን ጥቁር ቦቲ ከጠረጴዛው ሥር አወጡ። ያንን የታሸገ ፖስታ ከደረት ኪሳቸው፣ ከባትሪዋ አጠገብ፣ አወጡና ውስጡ ከተቱት።

«ይህ ለተዝካሬ ያስቀመጥኩት ነበር» አሉ። «ሰው ሞቶ ይዘከርለታል፤ እኔ ግን እናንተን እያየሁ የቁም ተዝካሬን አወጣሁ።»

ወይዘሮ አበዛሽ ቦርሳቸውን ከፍተው ጥቂት ፈለጉ፤ ያገኙትን ወደ ቦቲው ጣል አደረጉና እንዲህ አሉ፦

«መቼስ ካሉ ይሁን። በሬው ግን ቀረብን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ቀረ!» አሉ አቶ ገብረሕይወት እየሳቁ። «በሬውም ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ።»