የሰይድ ጠገራ

መካነ ሰላም ገበያ ጠገራ ብር የሚለይ አዲስ አንጥረኛ መጥቷል ሲሉኝ፣ «እስኪ ልፈትነው» ብዬ ወንድሜ ሰይድ ከአባታችን ውርስ ያካፈለኝን ፎርጅድ ጠገራ ይዤለት ሄድኩ። ፎርጅድ መሆኑን የነገረኝ የደጎሎው አንጥረኛ ነው፤ ድንጋይ ላይ ጥሎት አልጮህ ሲል «ወንድምህ አታሎሃል» አለኝ። በዚያው ከሰይድ ጋር ተቆራረጥን።

አዲሱ ሰውዬ አገላብጦ አየና «ንጹሕ ብር ነው» አለኝ። «አንተም አዋቂ ተብለህ!» ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣም። ጠርዙን በሞረድ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ፤ ውስጡም ነጭ ነው። «አባባ፣ ለአንገት ጌጥ ተበስቶ የለም እንዴ? የተበሳ ጠገራ ቢጥሉት አይጮህም» አለኝ።

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ።»

ሰይድ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ጀናዛውን እንኳ አልሸኘሁም።