የሞክም ሜዳሊያና የሚስቱ አውራ ጣት

— ሄሎ… ሄሎ፣ የበረሃው ኬላ ነው። ማን ልበል?

— ጉማን? የትኛው ጉማን?… የወንድሜ ልጅ ከሆንክ የእናትህን መንደር ንገረኝ… እሺ፣ ነህ። አትቀየም። ባለፈው ሳምንት አንዱ በባላባቱ ስም ደውሎ አሥር ግመል ሳይፈተሽ አሳልፎብኛል።

— ምን መጣ አልክ? ጮክ በል፣ መስመሩ ያፏጫል… የሞክም ሜዳሊያ? የልጄ?

— ቆይ፣ ልቀመጥ…

— አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?… ሻለቃህ የሜዳሊያውን ሳጥን እንድትጠብቅ ከሰጠህ፣ አውጣና ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን አንብብልኝ… የወታደር ቁጥሩንም… አዎ፣ የሱ ነው። ከኢጣልያ በላከው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ነበረ።

— ሱገን፣ የባልሽ ሜዳሊያ መጥቷል፤ ወደ በሩ ጠጋ በይ… ምራቴን ነው፣ ጉማን። ከጓዳው በር ጀርባ የሐዘን ጥጓ ላይ ነች። ዓመቱ ሊሞላ አራት ወር ይቀረዋል፣ እስከዚያ ከዚያ አትነሳም።

— ነገ? ንጉሣችን ማሃራጃው ራሱ ያድላል?… ታዲያ ድምፅህ ለምን እንዲህ ሆነ? የሆነ ነገር ውጠሃል። አውጣው።

— የባላባቱ ልጅ ይቀበላል? ኩሻል? በየትኛው ዝምድና? ያ ልጅ ጦርነቱን ሙሉ እዚሁ ፈረስ ሲያስሮጥ ነው የከረመው። ወንዝ ውስጥ ሦስት ቁስለኛ በጀርባው ያሻገረው ሞክም ነው። ሜዳሊያው ሲጻፍለት በሕይወት ነበር፤ ፈንጂው የወሰደው ከወር በኋላ ነው።

— አይመልሱትም። አንዴ ደረታቸው ላይ ከተሰካ አይመልሱትም። በፊተኛው ጦርነት ፍልስጥኤም ላይ መትረየሱን የማረክሁ እኔ፣ ድንኳን ውስጥ ታምሞ የተኛው የባላባቱ ወንድም። ፎቶግራፉን አይተኸዋል፤ ሜዳሊያው ማን ደረት ላይ ነው? ለኔ የደረሰኝ ይህ ኬላ ነው። የፍየል ቀረጥ።

— አንተ ባለ ፍየል፣ ቁም እዚያ፤ ስልክ ላይ ነኝ።

— ፈርማችኋል? ማን ፈረመ?… አውራ ጣት። የሱገን አውራ ጣት።

— ዝም በል፣ ላስታውስ… ማክሰኞ የባላባቱ ጸሐፊ መጥቶ ነበር። የጨርቅ ራሽን፣ የመንግሥት እደላ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ነኝ በበሩ ሥር ያሳለፍሁላት። ከስሜ በቀር ማንበብ አልችልም፤ እሱም ያውቃል። ሻይ እንኳ አጠጣሁት።

— ሱገን፣ ማክሰኞ ጣትሽን ያሳረፍሽበት ወረቀት የጨርቅ አልነበረም። ሜዳሊያውን ለኩሻል ሰጥተሻል ይላል… ምን አለች ትለኛለህ? አማቷ ፊት እንዴት ታወራለች? ምላሷን አንዴ ጠቅ ካደረገች እሺ ነው፣ ሁለቴ ከሆነ እምቢ። አሁን አንዱንም አላደረገች።

— እና ምን ይሻላል?… የጣቱ ባለቤት ራሷ ቀርባ አልፈቀድሁም ካላለች ወረቀቱ ይጸናል። ነገ። ማሃራጃው ፊት።

— ማን ልኮህ ነው የደወልከው?… ልጠይቅ እንጂ። መበለት ዓመቷ ሳይሞላ ከጥጓ አውጥቶ አደባባይ ማቆም፣ ከዚያ መንደሩ ሁሉ እንዲተፋን። ይህን ምክር ማን አቀበለህ? ጸሐፊው አጠገብህ ቆሟል?… በእናትህ ማል… በሞክምም ማል… እሺ። አምኜሃለሁ፣ ለዛሬ።

— እኔ ግን ሂጂ ብዬ አላዛትም። ይህንንም አንገቴ ላይ አታንጠልጥልብኝ።

— ቆይ… ምን አልሽ?

— ጉማን፣ አለህ?… ተናገረች። ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስትኖር ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ጎርናና ነው… “ጣቱ የኔ ነው፣ እኔ እሄዳለሁ” አለች… አዎ፣ ከጥጉ ተነስታለች። ጫማዋን እየፈለገች ነው።

— ለሻለቃህ ንገረው፤ መጋረጃ ይሰቀል። ከጀርባው ሆና ትናገራለች፣ ሜዳሊያውንም በእጇ ትቀበላለች። አንተ እስክንደርስ ከሳጥኑ አጠገብ እንዳትነሳ፤ ሽንትህ ቢመጣም።

— ኬላውንማ እዘጋዋለሁ… አዎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ አያውቅም… ከማን አስፈቅጄ? ከማንም። ባለ ፍየሉም ዛሬ በነፃ ይለፍ። በል ዝጋው፣ በሬዎቹን ጋሪው ላይ ልጥመድ።